ከሸዋሬ ኋላ የምትገባው

ነጌሌ ቦረና
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዴስክ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? እማማ ሸዋርካብሽስ ወገባቸውን ተሻላቸው? እኛ አገር ሰላም ሳይባል ወደ ጉዳይ አይገባምና ደንቡን ላድርስ፤ ቤቱ ሰላም፣ ሰፈሩ ሰላም፣ ዝናቡም ዘንድሮ ደህና ነው፣ አካም ናጋ ብዬሻለሁ። የእናትሽን ግን ለደንብ አይደለም የጠየቅሁት፤ በእኔ ስም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ። ጤነኛ ነኝ እንዳልልሽ ከጥቅምት ወዲህ የበላሁት ሁሉ አፌ ላይ ይጎመዝዘኛል። ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ተጸይፌ ነው።

በዚህ ዘመን ደግሞ ወረቀት ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልሽ፤ ሁለቴም አንብበሽ ዝም አልሽ። ወረቀት ደግሞ አንስቶ ሌላ ቦታ መለጠፍ እንደ ስልኩ አይቀልም። ይህን ያልኩት ለነገር ነው፣ ገና ብዙ ነገር አለኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ኩራ የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በእጇ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጥ ብዬዋለሁ።

ከመነሻው ልጀምር። ከአራተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል በአንድ ዴስክ ተቀምጠን ተማርን። አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ የእኔ አባት በቤተ ክርስቲያናችን ክሊኒክ ድሬሰር። እኔ ቤት ኦሮምኛ፣ አንቺ ቤት አማርኛ ይወራል። የእኔን ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ ታርሚልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንቺን ሒሳብ እሠራልሽ ነበር። ይህ ደብዳቤ ያለ ስሕተት ከተጻፈ ያንቺ እጅ አለበት። ያኔ ኩረጃ የሚባል ነገር መኖሩንም አናውቅም ነበር፤ የማን ደብተር የማን እንደሆነ እንኳ ይጠፋን ነበር።

አሥረኛ ክፍልን ስንጨርስ አባትሽ ዐረፉ፤ እናትሽም ዕቃቸውን ሸጠው ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ቆረጡ። አልጋው ተሸጠ፣ ቁም ሳጥኑ ተሸጠ፤ ላሟን ግን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም ብለው ለአባዬ ሸጡለት። ልትወልድ የደረሰች ቀይ ላም ነበረች። አባዬ ሸዋሬ ብሎ ሰየማት። እናትሽ ደግሞ በስሜ ላም ይጠሩብኝ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ትዝ ይለኛል። እናንተ በሄዳችሁ በአራተኛው ቀን ሸዋሬ ግራጫ ጥጃ ወለደች፣ ዳለቲ ተባለች። ዳለቲ አድጋ እናቷን በቁመት ከበለጠቻት በኋላም ከእናቷ ኋላ ካልሆነ በረት አትገባም ነበር። ሌላ ላም መካከላቸው ከገባች በሩ ላይ ቆማ ሰፈሩን በጩኸት ታውከዋለች። ለዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ስመጣ በረቱ በር ላይ ከአባዬ ጋር ቆሜ እሷን ማየት ነበር የዕረፍቴ ደስታ።

በእኛ ቤት ከብት እንደማይቆጠር ታውቂያለሽ። ልጆች ሆነን አንድ ቀን እዚያው በር ላይ ጣትሽን ቀስረሽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ስትጀምሪ አባዬ አፍሽን በመዳፉ ቀስ ብሎ ከደነው። ሎን ሂን ላካአሙ አለሽ፤ ከብት አይቆጠርም። እንዳይከፋሽ ደግሞ ወተት አስጠጣሽ። አንቺ ግን ደፋር ነበርሽና፣ ታዲያ አንዷ ብትጠፋ በምን ያውቃሉ ብለሽ ጠየቅሽው። ሁሉም ተራ አላቸው አለሽ። ቡሬ ትቀድማለች፣ ጉራቲ ትከተላለች፣ ከዚያ ዲምቱ፤ የቀረች ካለች ተራዋ ባዶውን ይታያል፤ እኔ የማየው ከብቱን ሳይሆን ባዶውን ነው አለሽ። ረስተሽው ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው እኔ ስላልረሳሁት ነው።

ዩኒቨርሲቲ አብረን ሶፍትዌር ተማርን፣ አብረን ተመረቅን። አንቺ አዲስ አበባ ቀረሽ። እኔ የአባዬ ዓይን እየደከመ ስለሄደ ነጌሌ ተመለስኩ። እዚህ ድረ ገጽ መሥራት ምን እንደሚመስል ነግሬሽ እስክትፈነጂ ስቀሻል። የሆቴሉ ባለቤት ከሆቴሉ ፎቶ የእሱ ፎቶ ይተልቅ ብሎ አንድ ወር አነታረከኝ። የመኝታ ማስያዣው ጳጉሜን 3 ቀን ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የቀን መቁጠሪያውን የሠራው ሰውዬ ዓመት አሥራ ሦስት ወር እንዳለው አልሰማም። የአያት ስም ካልተሞላ አልቀበልም የሚለው ቅጽ ደግሞ ሀንጋሳ ለሚባል ደንበኛዬ ደብዳቤ ሲልክ ውድ ኩምሳ እያለ፣ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸውን አያቱን ሰላም ይላል። መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ ኔትወርክ ሲመጣ ደንበኛው ስልኩን ያጠፋል። ለነፍሴ ብዬ የሠራሁት አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ወደ ሞያሌ የሚሄድ መኪና ተነሣ አልተነሣ፣ ወንዝ ሞላ አልሞላ የሚያሳይ። ከሞያሌ ልብስ የምታመጣው ካውሰር ስትቆጣ ደውላ ገጽሽ ዋሸ ትለኛለች። ዋሸ የተባልኩት በእሱ ብቻ ነበር፣ እስከ ጥቅምት ድረስ።

አሁን የካቲት 2013ን አስታውሺ። እናትሽ ሕክምና ጀምረው አንቺ ሥራ ፈትተሽ የነበረ ጊዜ ነው። ደውለሽ አለቀስሽ። አንድ ድርጅት በሦስት ቀን ሠርተሽ አምጪ ብሎ ፈተና ሰጥቶኛል፣ ፊደል መምታት አቃተኝ አልሽኝ። ሳምንቱን ሙሉ ነጌሌ ኢንተርኔት አልነበረም፤ ጥያቄውን በስልክ እያነበብሽልኝ በወረቀት ጻፍኩት። የአንድ ቤተሰብ ንብረት የሚመዘገብበትና የሚታይበት ገጽ ሥሩ ይላል። እኔ የማውቀው ንብረት ከብት ነው። ገጹን እንደ በረቱ በር አድርጌ ሠራሁት። ድምር የሚባል ነገር የለበትም፤ እያንዳንዷ በስሟ፣ በተራዋ ትገባለች፣ የቀረች ካለች ቦታዋ ባዶ ሆኖ ይታያል። መሞከሪያ ስም ማስገባት ነበረብኝና የአባዬን ከብቶች አስገባሁ፤ ቡሬ፣ ጉራቲ፣ ዲምቱ፣ ሸዋሬ፣ ዳለቲ።

ከዚያ ፍላሽ ዲስኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በአይሱዙ ክብረ መንግሥት ድረስ ሄድኩ። ወደራ ላይ ጎማ ፈንድቶ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፤ ፈተናሽ እንዳያመልጥሽ የሹፌሩን ነፍስ አወጣሁት። ሰዓቱ ሊያልፍ ትንሽ ሲቀረው ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ላክሁልሽ። በሳምንቱ ለምን ድምር እንደሌለው ሲጠይቁሽ ምን እንደምትዪ በስልክ አስጠናሁሽ። ስታልፊ ነፍሴ ነሽ አልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያ ቀን እኔ ራሴ የተቀጠርኩ ያህል ነበር ደስታዬ። አልተጸየፍኩም ነበር። ልጸየፍ የሚገባኝ ያኔ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ድርቁ መጣ። የደረሰብንን በስልክ ሰምተሻል፣ አልደግመውም። መጀመሪያ ዲምቱ ወደቀች፣ የመጨረሻዋ ዳለቲ ነበረች። አባዬ ከዚያ በኋላ ስማቸውን አንሥቶ አያውቅም። ዓይኑም ከዚያ ወዲህ ነው በደንብ የጨለመበት።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ድርጅታችሁ ካላችሁበት ሆናችሁ የምትሠሩ ሰዎች እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። አመለከትኩ። ለአንቺ ያልነገርኩሽ በሰው ገባች እንዳልባል ነው፤ ሞኝነቴን ተመልከቺ። መጀመሪያ የደወለችልኝ ልጅ ከሻሸመኔ ምን ያህል ትርቂያለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ያ አርሲ ነጌሌ ነው፣ የእኔ ነጌሌ ሌላ ነው አልኳት። ለማንኛውም ብላ ፈተናውን ላከችልኝ። ስከፍተው ያው ራሱ ነው። በአራት ዓመት አንዲት ቃል አልቀየሩም! የአንድ ቤተሰብ ንብረት የሚመዘገብበትና የሚታይበት ገጽ ሥሩ።

የድሮውን አላየሁም። በእግዚአብሔር ስም እምልልሻለሁ፣ ፋይሉም የለኝም፤ ከባዶ ጀምሬ ሠራሁ። ግን እጄ ሌላ መንገድ አያውቅም። ደግሞም የከብት ስም ማስገባት ሲመጣ የማላውቃቸውን ላሞች ስም መፍጠር አልሆነልኝም። የሞቱ ከብቶች ናቸው፣ ከእኔና ከአባዬ በቀር ማን ያስታውሳቸዋል ብዬ እነዚያኑ በተራቸው አስገባኋቸው። ከድርቁ በኋላ ስማቸውን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጽፌ ስጨርስ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

የቃለ መጠይቁን ቀን ታውቂዋለሽ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሳጥን ነበር። አለቃችሁ አምሀ፣ ያቺ ሻሸመኔ ያለችኝ ልጅ፣ ሦስተኛው ደግሞ ካሜራው ተዘግቶ ጥቁር ሆኖ አንድ ፊደል ብቻ የተጻፈበት። ፊደሉ የስምሽ መጀመሪያ መሆኑን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። አምሀ ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ አለኝ፤ መብራት ያለበት ቦታ አልኩት፣ ሳቁ። ጥሩ ጀምረን ነበር። ከዚያ ገጽሽ ለምን ድምር አያሳይም ብሎ ጠየቀኝ። አስረዳሁት፤ ስለ በሩ፣ ስለ ተራው፣ ስለ ባዶው። ስናገር ድምፄ ሁሉ ሞቅ አለ፤ በሕይወቴ ሥራዬን እንደዚያ አሳምሬ ያስረዳሁበት ቀን የለም። ስጨርስ አምሀ ፈገግ ብሎ፣ ይህን ማብራሪያ ከዚህ በፊት ሰምተነዋል፣ ቃል በቃል፣ አለኝ። ሊንክ ከፍቶ አሳየኝ። ያንቺ ገጽ ነበር፤ ሥራ ሳልገባ በትርፍ ጊዜዬ የሠራሁት ብለሽ በስምሽ ያወጣሽው። ቡሬ፣ ጉራቲ፣ ዲምቱ፣ ሸዋሬ፣ ዳለቲ።

ቀጥሎ አምሀ ወደ ጥቁሩ ሳጥን ዞሮ ይኼ ያንቺ ሥራ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ማይኩ ሲከፈት ሰማሁ። ትንፋሽሽን ሰማሁ፤ አፍንጫሽ ሲዘጋ የምታሰሚውን ትንፋሽ ሰባት ዓመት አጠገብሽ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ይመስላል አልሽ። ይመስላል! ነው ብትዪ ውሸት ይሆንብሻል፣ አይደለም ብትዪ እንጀራሽ ይሄድብሻል፣ ስለዚህ ይመስላል አልሽና ማይኩን ዘጋሽ።

እኔ ለምን ዝም አልኩ? ይህን ስንት ቀን ራሴን ጠይቄያለሁ። አፌን ከፍቼ ነበር። መጀመሪያ የመጡብኝ እናትሽ ናቸው፤ በአንቺ ደመወዝ ነው የሚታከሙት። ቀጥሎ የመጣብኝ ግን ያን ያህል ቅዱስ ሐሳብ አይደለም። ያንቺን ፈተና የሠራሁት እኔ ነኝ ብል አንቺን ሌባ፣ ራሴን የሌባ ተባባሪ ነው የማደርገው፤ አታላይ አለመሆኔን ለማስረዳት አታላይ መሆኔን ማመን አለብኝ። ይህ ሲገባኝ ላፕቶፑን ዘግቼ ጓሮ ሄጄ አስመለሰኝ።

በማግሥቱ ኢሜይል መጣ። ድርጅታችን ለታማኝነት ትልቅ ቦታ እንደሚሰጥ ልናስታውስዎት እንወዳለን ይላል። ታማኝነት የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ ስብከት ላይ ስሰማት እንኳ ታቅለሸልሸኛለች። ከዚያ ገጽሽን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በቦረና አርብቶ አደሮች መካከል ባደረግሁት የመስክ ጥናት ይላል። የመስክ ጥናት ያልሽው አባዬ አፍሽን የከደነበትን ቀን ነው? ፎቶም አለሽ፤ ከኋላሽ የቆመችው ደግሞ ግመል ናት። ስለ ላም የሠራሽው ገጽ ላይ ግመል! እንደዚያ ተናድጄም ሳቄ መጣ። አንድ ነገር ግን ምንም አላሳቀኝም። ሸዋሬ የሚለውን ስም አራት ዓመት ሙሉ ስታዪው እናትሽ አንድ ቀን ትዝ አላሉሽም? ወይስ የራስሽ ያልሆነን ሥራ አንብበሽው አታውቂም?

እስከዚህ ድረስ ያለውን በሆዴ ይዤ እኖር ነበር፤ አልጽፍልሽም ነበር። የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት በሆነው ነገር ነው።

ድርጅታችሁ ያንቺ የተባለውን ያንን ገጽ ለከብት መድን መመዝገቢያ አድርጎት ወደ እኛ ወረዳ ልኮታል። ይዞት የመጣው ጋሮማ የሚባል የመስክ ሠራተኛ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። የድሮው መመዝገቢያ የከብት ብዛት ካልተሞላ አላልፍም ይል ነበር አለን። ሽማግሌዎቹ ቁጥር አይናገሩም፣ መዝጋቢዎቹ ደግሞ መሽቶባቸዋል፤ ስለዚህ ለሁሉም አሥር አሥር ብለው ሞሉላቸው። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ሪፖርቱን ሲያዩ ወረዳው ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ እኩል አሥር ከብት አለው። አዲሱ ገጽ ግን ቁጥር አይጠይቅም፣ ሽማግሌዎቹም ወደዱት። ጋሮማ ለአባዬ ሊያሳየው ቤታችን መጣ። አባዬ ማየት ስለማይችል ምሳሌውን ጮክ ብሎ አነበበለት።

የመሞከሪያ ስም ሥራ ሳይጀመር እንደሚጠፋ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። አንቺ አላጠፋሽውም። ጋሮማ ቡሬ አለ። ጉራቲ አለ። አባዬ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። ዲምቱ፣ ሸዋሬ፣ ዳለቲ ብሎ ሲጨርስ አባዬ እንደገና አንብብ አለው። ሦስት ጊዜ አስነበበው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ፣ መሬት ብትከፈትልኝ እገባለሁ እያልኩ ነበር። በመጨረሻ ይህን የሠራው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሮማ ምን ያውቃል፣ አንዲት ጎበዝ መሐንዲስ ናት፣ ልጅነቷን እዚሁ ነጌሌ ነው ያሳለፈችው፣ ጥር 16 ለገጹ ምረቃ ከአለቆቿ ጋር ትመጣለች አለው። አባዬም እንግዲያው እኔ ዘንድ አምጧት፣ እመርቃታለሁ አለ። በሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊት ጭንቅላቷን ይዤ ነው የምመርቃት አለ።

የአባዬን ምርቃት ታውቂያለሽ፤ በዋዛ አይሰጥም። እኔ ስመረቅ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት አልቻለም፤ ከተመለስኩ በኋላም እመርቅሻለሁ እያለ ሲያቆይ ድርቁ መጣ፣ ሐዘኑ መጣ፣ ቀረ። እየጠበቅሁ ነበር። ሥራውን ብትወስጂው፣ ደመወዙን ብትወስጂው፣ ሌባ አስብለሽ ስሜን ብትወስጂው አቃጥሎኛል፣ አልደብቅሽም፤ ግን ይቻላል፣ ሰው ችሎ ይኖራል። የአባቴን እጅ ከጭንቅላቴ ላይ አንሥተሽ ጭንቅላትሽ ላይ ልታደርጊ ስትመጪ ግን እንዴት ብዬ ልቻለው?

በማግሥቱ ጠዋት የዓይኑን ጠብታ ሳደርግለት አባዬ ስለዚያች ልጅ አነሣ። ሳልመርቃት በፊት አንድ ነገር እጠይቃታለሁ አለኝ። ግራጫዋ ለምን ከሸዋሬ ኋላ እንደገባች ትነግረኛለች፤ ገጹን የሠራ ሰው ይህን ያውቃል አለ። እኔን ምንም አልጠየቀኝም። ጠብታውን ስጨርስ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈና ከወትሮው ረዘም አድርጎ ቆየ። ዓይኑ አቃጥሎት መደገፊያ ፈልጎ ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን ደግሞ የቀረውን ልንገርሽ። የዚያን ቀን አስተርጓሚ ያስፈልጋል ተብሎ ጋሮማ የጠየቀው እኔን ነው፤ እሺ ብያለሁ። አባዬ በኦሮምኛ ይጠይቅሻል፣ አንቺም ድሮ እንደለመድሽው በኦሮምኛ ትመልሺለታለሽ። እኔ መካከላችሁ ቆሜ ያልሽውን ለአምሀና ለአለቆችሽ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። የሚያስፈራኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። ስትደናበሪ ሳይሽ የተሰበረውን መልስሽን ጠግኜ፣ አሳምሬ እንዳልተረጉምልሽ ነው የምፈራው። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ሥራዬ እሱ ነበርና እጄ ለምዶታል። ከአንቺ ይልቅ የሚቀፈኝ ይህ ልማዴ ነው። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ ቃል እየገባሁልሽ ነው፤ በዚያ ቀን ያልሽውን ብቻ፣ እንዳልሽው እተረጉማለሁ።

ሂን ቤኩ ብትዪው አላውቅም ትላለች እላቸዋለሁ። አባዬ አላውቅም ያለን ሰው አያዋርድም፤ ታውቂዋለሽ፣ አፍሽን ከድኖ ወተት የሰጠሽ ሰው ነው። አለቆችሽ ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም። እኔንም አጠገብሽ ቆሜ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ያንቺን ፈተና የሠራሁ እኔ ነኝና ድርሻዬን አልሸሽም። እናትሽን በተመለከተ አትስጊ፤ ምንም ይሁን ምን ሜዳ ላይ አይቀሩም። አባዬ ዘንድ ሁልጊዜ ቦታ አላቸው፣ በስማቸው ላም ጠርቷልና።

ስትመጪ ወፍራም ልብስ አትያዢ፣ እዚህ ጥር ላይ ሙቀቱ ይጀምራል። ወደራ ስትደርሱ ሙዝ ግዢ፣ እዚያ ይሻላል። ይህን ሁሉ ተናግሬሽ ስለ ሙዝ መጻፌን ሳየው ራሴ ይገርመኛል።

መንገድሽን ጌታ ይጠብቅልሽ። የእናትሽን ወገብ ያቅናላቸው፣ ዕድሜያቸውን ያርዝምልሽ። አንቺንም ከዚህ ካለሽበት ነገር በሰላም ያውጣሽ፤ እኔንም ካለሁበት። ናጋ ሁኚልኝ።

ሒሳብሽን ስሠራልሽ የኖርኩት፣
የዴስክ ጓደኛሽ

ይህን ደግሞ ልጨምርልሽ፤ ደብዳቤውን አጥፌ ከማሸጌ በፊት አንድ ጊዜ አነበብኩት። ስጀምር ለአባዬ ጥያቄ መልሱን አልነግራትም ብዬ ምዬ ነበር። አሁን ሳየው ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳላስበው ጽፌዋለሁ። ልሰርዘው እስክሪብቶ አነሣሁና ተውኩት። ልትጠቀሚበት ትችያለሽ፤ እኔ እዚያው ቆሜ እሰማሻለሁ።